አራት ላይ

አራት ኪሎ፣ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣
የግንቡ ጥላ መጥቶ ሜዳውን ሲበላ፣
ሃምሳ ለሃምሳ አንድ። ቀሪው ዘጠኝ ሰከንድ።

ሲፈን መስመሩ ላይ። ኳሷ በእኔ እጅ ናት።
ሁለት ጣት አሳየሁ፦ ሁለት ነው ያላት።
ነፃ ውርወራ ነው የዚህ ነገር ስሙ፤
ነፃው ማን እንደሆን አላውቅም፣ እስቲ ስሙ፦

ከአጥሩ ወዲያ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!»
ተሳፋሪ ደግሞ «ሞልቷል! ቆመናል'ኮ!»
ከቅርጫቱ ጀርባ ቆርቆሮ የሚደልቅ፣
ጃኬት የሚያውለበልብ፣ የሚያፏጭ፣ የሚስቅ፣
«ዕውር ዳኛ!» የሚል፣ እናቴን የሚያውቅ።

ይሄ ሁሉ ጩኸት የእኔ ጉዳይ አይደል፤
ደንቡ ለተመልካች ፊሽካ አይሰጥም፣ ቢገደል።
ዝናብ ነው። በዝናብ ላይ ፊሽካ አይነፋም።

ነፍሳቸውን ይማር፣ ጋሽ ክንፈ ያስተማሩን፣
ሬዲዮ አስጩኸው ነው ቁጥር ያስቆጠሩን፤
ከአንድ እስከ አምስት ብቻ፣ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፤
«ጆሮ ክዳን የለው። አንተ ግን እግር እይ!»

እግር አየሁ። ሰጠኋት። ቆጠርኩ። ወረወረች።
የመጀመሪያው ገባ፤ ካርቶኑ ተገለበጠ፤
ሜዳው ሁሉ ምራቁን ዋጠ።

ለሁለተኛው ኳሷን ሰጠኋት። አንድ።
አነጠረች። ሁለት።
ጉልበቷ ሲታጠፍ፣ ሦስት፣
ከቀኝ በኩል ከተሰለፉት፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥሯ፣ ከእማዋይሽ አፍ፣
እጅ ሳይወዛወዝ፣ እግር ሳይረግጥ፣
ለጓደኛ ሰዓት እንደመንገር ያህል ቀስ ብሎ፦
«አባትሽ መጣ። በሩ ላይ።»

አራት።
አራት ላይ ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ።

የእኔ ዓይን! አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ቆርቆሮ ያልነቀነቀው፣ ስድብ ያላዞረው፣
በሬዲዮ የተገራው፣
ተነሥቶ ሄደ። ማንን ፍለጋ?
ስመልሰው ኳሷ ቀለበቱን ዞራ ወጥታለች፤
ሲፈን መስመሩን ትርገጥ አትርገጥ አላየሁም።

ማን ይመስክር?
ፍሬሕይወት ማዶ ናት፣ በጩኸቱ መሀል የሰማችው የለም።
እማዋይሽ ቅንድቧን አንሥታ «ምን አልኩ?» ትለኛለች፣
ሃይማኖተኛ ፊት።
ቆርቆሮው በደስታ ሊቀደድ ደርሷል።
ሲፈን ዝም፤ መዳፏን በቁምጣዋ ትጠርጋለች።

ከመስመር ውጭ መቶ ሰው ይጩኽ፣ ምንም አይደል፤
ከመስመር ውስጥ የወጣች አንዲት ትንፋሽ ግን የእኔ ናት።
ምስክር ደግሞ አለኝ፤ አንድ፣ የማያኮራ፦
ቦታውን ጥሎ የሄደ የገዛ ዓይኔ።
አባቷ ያልሆነውን እኔን ካዞረ፣ እሷንማ!

ነፋሁ። አንድ ጣት። ይደገም።

«በምን አወቅህ?» አለ አሰልጣኙ፣ ኮፍያውን መሬት ጥሎ፣ ሰው እየሰማ።
«እኔም ዞሬያለሁ» አልኩት።
የቀለድኩበት መሰለው።
እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

በሩ ላይ? ሎተሪ አዟሪ ነበር፣
ትኬቱን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሥራውን ረስቶ የቆመ።
ሲፈን አላየችውም።
ያኔም አላየችም፣ ሲደገምም አላየችም፤
አንገቷ ላይ ብቻ አንድ ጅማት ተወጥሮ ነበር፣
ወደ በሩ መዞር የፈለገና የተከለከለ።

ገባ ወይ? ካርቶን ገልባጩን ልጅ ጠይቁት።
እኔ እግር ነው የማየው።
እግሮቿ ከመስመሩ ኋላ ነበሩ፣ ሁለቱም፣ እስከ መጨረሻው፤
ይህን በመሐላ እናገራለሁ።

ማታ ከራስ መኰንን ድልድይ ሽቅብ ስወጣ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በሆዴ፣ ድምፅ ሳላወጣ፤
አራት ላይ ዞር እላለሁ፣
ከኋላዬ ሰው እንደመጣ።