አንደኛ ምርጫ

መብራት ሄደ ደግሞ፤ አንለይ ስልኩን አብርቶ፣
ከአባቴ የደንገል ክምር ሥር ተጠግቶ፣
የአምናን፣ የካቻምናን ፈተና ዘርግቶ፣
«ቀጥዪ» ይለኛል ሁለት ጊዜ አዛግቶ።
ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ቢ ከዲ አይለይም፤
መልሱን ባውቀው እንኳ ፊደሉን አላይም።

ከደንገሉ ማዶ ጉማሬ ሲያጓራ ሣቅን ሁለታችን፣
«ሊሚት ከብዶት ነው» አልን፤ ከዚያ ዝም አለ ግቢያችን።
«ሊሚት መቅረብ ነው» ይላል፣ «መድረስ ግድ አይደለም»፤
ጉልበቱ ከጉልበቴ ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል፤ አይነካም፣ አይሸሽም።

ጥያቄ ሠላሳ ሁለት፦
እምቦጭ በሐይቅ ላይ በዐሥር በዐሥር ቀን
እጥፍ እየሆነ ቢሰፋ ቢተምም፣
በስድሳኛው ዕለት ውሃ ባይታይም፣
ግማሹን የሸፈነው በስንተኛው ቀን?

እኔ ሎጋሪዝም ልጽፍ ወረቀት ስገልጥ፣
አባቴ ከታንኳው ቀና ሳይል፣ ልጥ ሲመርጥ፣
«አምሳኛው ነዋ» አለ።
«ያን ዕለትማ ሁሉም ‹ገና ግማሹ አለ› ብሎ ይተኛል፤
ከዚያ ሲነቃ ግን ታንኳ የት ይዞራል?»
አንለይ መልሱን ከኋላ ገልጦ አየው። ልክ ነው።
ለፈተናችን የቀረን ሃያ ቀን፤ ይኼስ ስንተኛው ግማሽ ነው?

ፈተናው ሌላ ከተማ ነው፤ አውቶቡስ ይወስደናል፤
ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ሁለት እርሳስ፤ ስልክ በር ላይ ይቀራል።
እናቴ ከአሁኑ በሶ አስፈጭታ በፌስታል ቋጥራለች፤
«ለሊሚትም ይሆናል?» ብላ ስሙን አጣርታ ጠይቃለች።

ሌላም ወረቀት አለ።
መምህርት ስለናት ዓርብ ዕለት ቅጹን ሲያድሉን፣
«ልብ ይለወጣል፤ መጀመሪያ በእርሳስ» አሉን።
አንለይ ሐዋሳ አለ። እዚያም ሐይቅ አለ ብሎ፣
«ዓሣ አይቸግረኝም» አለ ቀልድ አክሎ።
እኔ ከበራችን ቆሜ የባሕር ዳሩን ግቢ ፎቁን አያለሁ፤
በእግር ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።
መብራት እኛ ጋ ሲሄድ እዚያ አይጨልምም፤
እናቴ ምሳዬን በሳህን ከድና ብትልክ አይቀዘቅዝም።
ታዲያ ለምንድን ነው እጄ እዚያ ሲደርስ
ወደ ላጲሱ የሚመለስ?

አጎቴ ይስማው «ጎንደር! ማዶ ነው፣ ሕክምና» ይላል፤
ሒሳብ ተምራ ያለፈላት ሴት አላየሁም ብሏል።
ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ «አዲስ አበባ» ይላሉ፤
ልጃቸው እዚያ ገብቶ ሦስት ዓመት አልመጣም፤
«ጥናት በዝቶበት ነው» ይላሉ።

ሒሳብ የወደድኩት ልክ ስለሚመጣ አይደለም፤
መስመር በመስመር ወደ ኋላ ብሄድ ስሕተቴ አይሰወርም፤
የጣልኳት ኔጋቲቭ እዚያው ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።
ቅጹ ግን ከኋላው መልስ የለው። ነፍሴ ብቻ ትጠይቀኛለች።

ማታ አባቴን «አባ፣ የቱን ልጻፍ?» አልኩት፣
አዲሱን ታንኳ ሊያደርቅ ግድግዳ ሲያስደግፍ አግኝቼው በድንገት።
«ይሄ» አለ፣ «ውሃ ላይ ውሎ ደረቅ ላይ ካላደረ ይጠጣል፤
ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ሳይቀደድ ይሰጥማል።»
ጠበቅኩት። ሌላ አልጨመረም።
ስለ እኔ ይሁን ስለ ታንኳው አልጠየቅኩም።

አንለይ ሲሄድ ደብተሩን ረስቶ፣
ሽፋኑ ላይ ስሙን አየሁት፣ በስክሪብቶ።
ላልቶ ሲጠሩት ስም ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ልመና።
ሐዋሳና ባሕር ዳር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አልሠራሁትም ገና።

ቁጥር አንድ ላይ ጻፍኩ። አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ። አጠፋሁ።
የላጲሱን ፍርፋሪ በመዳፌ ጠረግሁ።

ሲነጋ ቅጹን ወደ ሐይቁ በኩል አንሥቼ፣
ላጲስ ከበሳት ቀዳዳ ዓይኔን አስጠግቼ፣
ውሃውን አየሁ፤ አንድ ሰው በታንኳ ይሄዳል፤
ወዴት እንደሆነ ከዚህ አይለይም። ይቀዝፋል።