የዘገዩበት ምክንያት

ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ እንጀራዬ የሰው ስም፣
ስጠራ ውዬ ስገባ የራሴ እንኳ አይታወሰኝም።
በቅጹ ላይ ጥያቄ አለ፣ አሥራ አንደኛው መስመር፣
«የዘገዩበት ምክንያት»፤ ቦታው ከሁለት ቃል በላይ አያሳድር።

ዛሬ ጠዋት ሩቂያ መጣች፣ ሩቂያ አባ ዲኮ፣ ከዴዶ፣
ቀኝ እጇ ግራ ደረቷ ላይ እንደ በር መወርወሪያ ከብዶ።
«ሁለት ዓመት!» አለ ዶክተር እንግዳወርቅ፣ ጓንቱን አውልቆ እየጣለ፤
«ሽምብራው ቡጢ እስኪያክል ሰው እንዴት ዝም አለ?»
ወደ እኔም ዞሮ፣ «ጻፍ፤ ቸልተኝነት።»
ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሌሊቱን አልተኛም፤
ብቻ አገሩ ሩቅ ነው፣ ቋንቋዋን አይሰማም።

እኔ የሂርማታ ልጅ ነኝ፣ በሁለት አፍ ያደግሁ፤
እሱ ሲወጣ በኦሮምኛ ቀስ ብዬ ጠየቅሁ።

ቡናው ሲያብብ ነበር፤ ገላዋን ስትታጠብ እጇ አገኘው።
ለማን ትንገረው?
ባሏ አፈር ለብሷል። በሬውን የሚያዝበት የባሏ ወንድም ነው፤
በየትኛው አፏ ነው «ጡቴ» የምትለው?
አክስቷ ሥር ወቅጣ ለጠፈችላት፤ ያላት እሱ ነበር።
ሼኹ ውሃ ላይ ቁርኣን ቀርተው አጠጧት፤ አጠጥተው ግን ዝም አላሉ፣
«ዱዓው ከእኔ ነው፣ መርፌው ከጅማ» አሉ፣
ለመኪናም ጨመሩላት፣ ከጥምጣማቸው ጫፍ ፈትተው።
የቀረው ገንዘብ? ዛፍ ላይ ነበር፣ ገና አረንጓዴ፤
እስኪቀላ ኅዳርን ይጠብቃል። ሲቀላም ዕዳ ቀደመው።
እጢው ግን የገበያ ቀን አያውቅ፣
ሲመሽም ሲነጋም ሥራ ላይ ነው።

«ከዚያስ?» አልኳት። ዓይኗን ከወለሉ አነሣች።
«መጥቼ ነበር» አለች።
«አምና፣ ሐምሌ ላይ። አማቼ ነው ያመጣኝ፤ እዚያ ከግንቡ ሥር ቆሞ ነበር።
አንድ ሰው በዚህ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፤
‹የጡት ሕመምተኞች በዚህ በኩል!›
በሁለቱም ቋንቋ፣ ሁሉም እንዲሰማ።
ሰው ዞረ። አማቼም ዞረ።
ሻርፔን ሰብስቤ፣ ‹ሆዴን ነበር፣ ተሻለኝ› አልኩት።
ተመለስን።»

የአምናውን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረድኩ፣
አቧራው ዓይኔን ኳለኝ።
ሐምሌ አሥራ ሰባት። የእኔው እጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር፤
«ስትጠራ አልቀረበችም።»

ከሁለቱ ዓመት አንዱ የእኔ ነው።

አሥራ አንደኛው መስመር ላይ
«የጸሐፊው ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ልክ ሁለት ቃል፣ ሞላው።
ዶክተሩ ሲያነበው ምን እንደሚል አላውቅም።

ለራጅ ተራዋ ሲደርስ ወንበሬን ትቼ ወጣሁ፤
በበሩ ዞሬ፣ በሰው ጉልበት መሐል፣ እስከ አግዳሚው ሄድኩ፣
ጎንበስ ብዬ ለጆሮዋ ብቻ
«ሩቂያ» አልኩ።
ሰልፉ ከኋላዬ አጉረመረመ፤
«አልሰማንም! ማንን ነው የጠራኸው?»