የሰሜን ብርሃን

ስማ ምንታምር፦ ድንጋይ ሳትነካ እጅህን ታጠብ፣
በቅባት ጣት የተያዘ ፈርጥ በቅጡ አይነበብ።
የሱቁን መብራት እርሳው፤ አምፖሉ ሁሉን ያሞግሣል፣
የቢራ ጠርሙስ ስባሪ እንኳ ከሥሩ ቢያርፍ ይነግሣል።
ና ወደ ደረጃው፣ ከሦስተኛና ከአራተኛው ፎቅ መሃል፣
ከመወልወያው ባልዲ አጠገብ፤ ድንጋይ እዚህ ይታያል።

ደንበኛ ይስቅብናል። ይሳቅ።
ጋሽ አሰግድ ዶሮ ማነቂያ ሳለ፣ በዚያ አሮጌ ቤት፣
ሰማይ ብቻ የሚገባባት አንዲት የሰሜን መስኮት
ነበረችው፤ ከሥሯ ተቀምጦ የሚፈርድባት።
ቤቱ ሊፈርስ ቀን ሲቆረጥ፣ ሰዉ ካዝናውን አወጣ፣
ሚዛኑን፣ ማስታወቂያውን፤ እሱ መስኮቷን ነቅሎ መጣ፣
በትከሻው ተሸክሞ፣ በቸርችል ቁልቁል።
ያመጣው እንጨቷን ነው። ሰሜኑ እዚያው ቀረ።
አሁን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ ብሎኬት እያየች።

ከንፈርህ ላይ አሳርፈው። ድንጋይ ብርዱን ይዞ ይቆያል፣
መስታወት ግን ቶሎ ይላመዳል፣
እንደ ደላላ፣ ስምህን ሳይጠይቅ «ወንድሜ» ብሎ ይሞቃል።
እፍ በልበት፤ ጉሙ ቶሎ ካልለቀቀው ጠርጥር፣
ጥርጣሬ ግን ጥቆማ ነው፣ አይቆጠርም ከምስክር።

መነፅሯን ከዓይንህ፣ ድንጋዩን ከመነፅሯ አስጠጋ፣
ሌላውን ዓይንህን አትጨፍን፤ ከራስህ ጋር አትዋጋ።
ክብ ክብ አረፋ ካየህ፣ እንደ አምቦ ውሃ፣
መስታወት ነው፤ መዝገቡን ዝጋ።
የሻኪሶ መረግድ ከነጉዱ ነው የሚመጣ፣
የሚካ ቅንጣት፣ ስንጥቅ፣ ጭረት፤ ከጭቃ እንደወጣ
ጫማውን ሳይጠርግ ሳሎን የገባ እንግዳ።
ሰንፔር ውስጥ መስመር ፈልግ፤ ድንጋዩን አዙረህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ፦
ምድር በማስመሪያ ታሰምራለች፣ ማዕዘን አስይዛ፣
እቶን ግን ታጎብጠዋለች፣ እንደ ዘፈን ሸክላ ክብ ይዛ።

የደላንታው ሰይድ ኦፓሉን በሃይላንድ ውሃ ነክሮ ቢያመጣ፣
«ደርቆ ይደር» በለው፤ ውሃ ስንጥቅ ይሸፍናል፣
አንዳንዱ ደግሞ ሲጠጣ ቀለሙን ያጣል፣
ቀናት ቆይቶ፣ አኩርፎ እንደ ታረቀ ሰው፣ ይመልሰዋል።
ምላስህን ንካው፤ የተጠማ ድንጋይ ይይዝሃል፣
ሙጫ የጠጣው ግን አይጠማም።
በጎኑም እየው፦ ቀለሙ እንደ ዓምድ ተደርድሮ ከቆመ፣
ከላይ ደግሞ የእንሽላሊት ቆዳ ከመሰለ፣
እናቱ ፋብሪካ ናት።
ሰይድን ግን እንዳትንቀው።
እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እሱ በጥፍሩ ቆፍሮ ነው ያወቀው።

ደግሞ ይህን ስማ።
ወይዘሮ ይርገዱ መጡ፣ አንድ የሐምሌ ከሰዓት፣
ቀለበታቸውን በሳሙና አውልቀው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት
ያልወለቀ። ባላቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የስምንት ወር ደመወዝ
አውጥቶ የገዛው፣ እዚሁ ፒያሳ። ደረሰኙ አራት ታጥፎ በመሐረብ።
ጋሽ አሰግድ እዚህ ደረጃ ላይ ቆሞ አየ፣ አየ።
መስመሩ ጎብጧል።

«ሰንፔር ነው» አላቸው። «ግን ከእቶን እንጂ ከምድር አልተወለደም፣
ሥጋው ያው ነው፤ ዕድሜው ግን ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም።
የዋሸዎት ድንጋዩ አይደለም፤
ይህ ወረቀት ነው።»
«ባሌስ?» አሉ። «ያውቅ ነበር?»
መነፅሯን በጨርቅ ጠረጋት። ደግሞ ጠረጋት።
«ለእሱ መሣሪያ የለኝም።»

ቀለበቱ አንጓቸው ላይ እምቢ አለ።
በምራቃቸው አርጥበው አስገቡት፣
መደገፊያውን ይዘው ወረዱ፤ በየደረጃው
ብረቱን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገው።

መዝገቡ ላይ የጻፍነው፦ ሰንፔር፣ ሰው ሠራሽ፣ ሁለት ካራት ከሩብ።
ሌላ ዓምድ የለውም መዝገባችን።

እንካ አሁን ይህን።
ማን እንዳመጣው አልነግርህም፤ ስንት እንዳለውም።
ደመናው ሳይመለስ እየው።
አትቸኩል።