መንጠቆና ቀለበት

እኔ ሐዋሳ ፓርክ ነኝ፣ ላይን ሰባት፣
ከጠዋት እስከ ማታ ጫፍ ማያያዝ ነው የኔ ብልሃት፤
በቀን ስምንት መቶ። ማንገቻውን ሌላ ሰው ይሰፋዋል፣
ጨርቁን ሌላ ይቆርጠዋል፣ ሌላ በካርቶን ያሽገዋል፣
መርከብ ይጭነዋል አሉ። ሙሉ ልብስ ሆኖ፣ አልቆ፣
አይቼው አላውቅም። የማውቀው ቀለበትና መንጠቆ።

እህቴ ፀጋነሽ ከቦዲቲ መጣች፣ ዘጠነኛ ክፍል ልትማር፣
አቶቴ፣ እኔው ጋ፣ በአንድ ፍራሽ ልታድር።
ቁመቷ ከኔ በልጧል፤ ግን ጎብጣ ትሄዳለች እንደ ሌባ፣
ደብተሯን በሁለት እጇ አቅፋ፣ በዚህ ወበቅ ሹራብ ደርባ።
አንድ ሰኞ «ስፖርት ለምን ቀረሽ?» ስላት «አሞኝ» አለችኝ፤
በሳምንቱም «አሞኝ»። የቱ ጋ ብዬ ስጠይቅ ዘጋችኝ።

ማታ ልብስ ሳወርድ ነው ገመድ ላይ ያየሁት፣ ከሹራቡ ሥር ተደብቆ፦
የነጠላዬ ቁራጭ፣ በቁመት የተቀደደ፣ ቋጠሮው ደርቆ፣ ጠብቆ።
እኔም በሷ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝ፤
እናታችን «ተሸፈኚ» ከማለት ሌላ ቃል አልነገረችኝ።
ስምንት መቶ በቀን! ለማላውቃት ሴት እጄ ሲጥር፣
አንዲት ልጅ፣ ከጎኔ የምትተኛ፣ ጨርቅ ትቋጥር ነበር።

ቅዳሜ አሮጌ ገበያ ወጣን። ሰልባጅ ተራ አንድ ጎረምሳ
«ና በመቶ! ና በመቶ!» ይላል፤
ደርዘኑን በክንዱ አንጠልጥሏል፣ እንደ አሞራ ገደል ዓሣ።
ፀጋነሽ ክንዴን ቆነጠጠች። «እንሂድ። ተይው። አልፈልግም።»
«ሽንኩርት ነው የምንገዛው!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለገበያው ሁሉ። አልሳቀችም።

እትዬ ዘይነባ ሱቅ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና መርፌ ነው የሚታየው፤
ሌላው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ላፈረ ሰው ነው የተተወው።
ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። «ሹራብሽን አታውልቂ፣
ውፍረቱን እኔ እቀንሳለሁ፤ ብቻ ቀና በይ፣ አትጨነቂ።»
ለካች። ቁጥሩን በጆሮዋ ሹክ አለቻት።
እኔም አልጠየቅኩም። ሰው አንድ የግሉ ቁጥር ይኑረው።

«ሽቦ ያለው ይቅር። ጥጥ። ማንገቻው ሰፋ ያለ።
ሁለት ጣት ከሥሩ ይግባ፤ ትንፋሽ ከከለከለ
ልብስ አይደለም፣ እስር ነው። አዲሱን በዳር ቀለበት ቆልፊ፣
ሲላላ አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ፣ ደግሞ ሲላላ፣ እልፍ በዪ።»
ሦስቱ ረድፍ ለዚህ ነው?
ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰፋው፣ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ስፌቱን መገልበጥ ጀመርኩ። «ይኼ ይነቀላል።» መለስኩ።
«ይኼም ክሩ ላልቷል።» «ይኼኛውስ?» «እሱም።» ሦስት ጣልኩ።
«ኮንትሮል ነሽ እንዴ?» አለች እትዬ ዘይነባ። ፀጋነሽ ሳቀች።
ከዚያ ራሷ እጇን ሰደደች፣ «ሰማያዊው» አለች።

መጋረጃውን ያዝኩላት፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ።
«አልቆለፍ አለኝ!»
«ከፊት ቆልፊና አዙሪው።»
«መንጠቆውን አጣሁት!»
«በግራ ነው። ሁሌም በግራ ነው።»
ባጃጅ አለፈ። ሁለተኛም። አንዲት ሴት ነጭ ክር ጠይቃ ሄደች።
«ገባ!»

ስትወጣ ሹራቡ ክንዷ ላይ ነው፣ ሸሚዟ እስከ ላይ ተቆልፏል፤
አናቷ ከጣሪያ የተንጠለጠለውን የዚፕ ጥቅል ነካ።
ሦስት መቶ ሃምሳ ብር። ሃያ አስቀነስኩ፣
በሃያዋም እውነትም ሽንኩርት ገዛን፣ እንዳልዋሽ።

ሰኞ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላዬ ቆሞ ሲቆጥር ይቆያል፦
«በሰዓት መቶ ነበርሽ፤ ዛሬ ሰባ። ምን ሆነሻል?»
እያንዳንዱን መንጠቆ ሁለቴ እየሳብኩ መሆኑን አልነገርኩትም።
«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።
«አራት ተኩል።»
አራት ተኩል። ስፖርት ገብተዋል።