ምንም አልበቀለም

እኔ ሃራዶን ነኝ፣ የጠርሙስ አጣቢው፣
በኩልና ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ካለው
ከሕፃናት ሆስፒታል፣ ከምድር ቤቱ ክፍል፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሳጥብ፣ ሳፈላ፣ ሳበስል።
በጉንም የማበላው እኔው ነበርሁ፤
ሳቁ እንግዲህ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ።

ዶክተር ሞንጁዓራ የምታድነው ጀርም
መራጭ እንግዳ ነው፣ ያለ በግ ደም አይቀርብም።
ደሙን አሙቀን፣ ቡናማ እስኪሆን ጠብቀን
"ቸኮሌት" እንለው ነበር፤ አንድም ቀን አልጣፈጠን።
ከዚያ ሳህኖቹን በሰፊ ጠርሙስ ደርድረን
ሻማ እንለኩሳለን፣ ክዳኑን ገጥመን።
ነበልባሉ አየሩን ይበላል፣ ይንገዳገዳል፣ ይጠፋል፤
ጀርሙ ሻማው የሞተበትን አየር ይወዳል።
መብራት በየማታው በሚጠፋበት ከተማ
እንዲጠፋ ብለን የምናበራ እኛ ብቻ ነበርን ሻማ።

ቱኑ በስራቦን ወር መጣች፣ በዝናብ፣
የጀልባ ቀዛፊ ልጅ፣ አንገቷ ደርቆ እንደ ግንድ።
ከጀርባዋ የተቀዳው ጠብታ
ጠርቶ መታየት ሲገባው
እንደ ሩዝ እጣቢ ደፍርሶ ነበር።
አባትየው በሩ ላይ ቆመ፣ መቅዘፊያውን እንደያዘ፤
ጀልባውን እንዳይወስዱበት ፈርቶ ነው፣
ወይም እጁ መልቀቅ ረስቶ።

በማግስቱ ሳህኑን ከፈትን።
ምንም አልበቀለም።

"ከመምጣቷ በፊት ክኒን ሰጥተዋታል" አለች ዶክተሯ፣
"ጀርሙ አለ፣ ግን ሞቷል፤ የሞተ አይመሰክርም።"
ከሰዓት ልጅቷም አልነበረችም።
መዝገቡ ላይ በሰማያዊ ቀለም፦ ምንም አልበቀለም።
የቀረችውን ጠብታ ግን አልደፋቻትም፤
በጣቴ ጥፍር ልክ ባለች ብልቃጥ ዘጋቻት።
መብራት ሲሄድ እኔ ከሽሪምፕ ነጋዴዎች
በረዶ እለምናለሁ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት።

አንድ ጊዜ ወደ ዳካ ጠሯት፣ ትልቅ ስብሰባ ነው።
ከረባት ያሰሩ ሰዎች "ይህ በሽታ እናንተ ዘንድ የለም፤
ካለ፣ ቁጥሩ የታለ?" አሏት።
በሌሊቱ ጀልባ ተመለሰች፣ እህል ሳትቀምስ፤
ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦
"ሃራዶን፣ በጉን ደህና አድርገህ አብላው።"

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለታሪክ አይመቹም።
መነጽሯን በክር አስራ፣ ከእናቶቹ ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ
"ምን ክኒን? ስንት? መቼ?" ትላለች።
የየመንደሩን መድኃኒት ሻጭ በስሙ ታውቀዋለች፤
"ከመስጠትህ በፊት ላክልኝ" ብላ ስንቱን ለምናለች።
አሥራ አንድ ሳህን በቀለ፣ ከዚያ አርባ፣
ከዚያ ሁለት መቶ ሁለት፤
ዕንባ ያህል ያነሱ፣ የሚያብረቀርቁ፣ የአንድ ልጅ ስም የተጻፈባቸው።
ሦስት በጎች አረጁብን፤ በሚኒስትሮች ስም ትጠራቸው ነበር፤
ሚኒስትሮቹ ከበጎቹ ቀድመው ይሻሩ ነበር።

ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ሲደርስ ሪባን ተቆረጠ።
ፎቶው ላይ የለችም፤ ታች ነበረች፣ ሳህን ስታይ።

ደግሞ አንድ ማሽን መጣ፣ የሞተ ጀርም የሚያነብ።
ብልቃጧን አወጣች፣ የሃያ ሁለት ዓመት በረዶ።
እኔ ምን አውቃለሁ፣ መስመር ነው የታየኝ፣ ወደ ላይ የታጠፈ።
እሷ መነጽሯን አወለቀች።
የድሮውን መዝገብ ከፍታ፣ ሳትሰርዝ፣ ከጎኑ ጻፈች፦
"ነበረ።"

አሁን ሳህኖቹን ከፍቼ አያለሁ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ፤
እንደ ሙሉ ጨረቃ ባዶ፣ ምንም አልበቀለም።
እንዲህ ያለ እርሻ የት አለ፣
ገበሬው ባዶ ማሳ አይቶ የሚደሰትበት?

እሷ ጡረታ ወጣች። በጉ ግን ሰብቷል፤
ማንም ደሙን አይፈልገውም።
ሲመሽ ግን ወደ እኔ ይመጣል፣
በልማድ፣
አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይቆምልኛል።