ተርጓሚዋስ?

ደረቴ ላይ ያለው ባጅ ስም የለውም፤
«ተርጓሚ» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።
ሌሎቹ ሁሉ ስም አላቸው፣ ከስሙ ሥር ሀገር፣
ከሀገሩ ሥር ማኅበር።

እንግዶቹ ከኮሎኝ በባቡር መጡ፣ ከዚያ በቬንዴሊን አውቶቡስ
ዳገቱን፣ ጥዱን፣ ዝናቡን አልፈው ከኮረብታው አናት ድረስ።
እኔ ከታች መንደር በእግሬ፤ ሃያ ደቂቃ፣ ጫማዬ እስኪርስ።
አምስት ቀን። የነጻነት ትምህርት።
ሻዩ በነጻ፣ ብስኩቱ በነጻ፤ ጃንጥላው ግን መያዣ አለበት።

እኔና ጎትፍሪድ ከኋላ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣
ግማሽ ሰዓት እሱ፣ ግማሽ ሰዓት እኔ፣ እንደ ዘበኛ ስንለዋወጥ።
ሥራችን ቀላል ነው፦ ሰው «እኔ» ሲል «እኔ» ማለት፣
ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ ሳይቆጡበት።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የቢሽኬክ ነጋዴ ነበርኩ፤
ጉምሩክ ለአንድ ጆንያ ዘቢብ ሦስቴ ሲያስከፍለኝ የሳቅኩ።
ከምሳ በኋላ ፕሮፌሰር ሆኜ ገበያን አመሰገንኩ፤
በዚያው ትንፋሽ፣ ገበያን የማያምን ወጣት ሆኜ ራሴን ተቃወምኩ።

ማክሰኞ ስለ ቃሉ ተጣሉ።
«እኛ ጋ፣» አለ ባቲርጃን፣ «ሊበራል ማለት ስድብ ነው፤
አክስቴ ዶሮዋን ለበላው ውሻ ያወጣችለት ስም ነው።»
ሳቁ። እኔም ሳቁን ተረጎምኩት፣ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቼ።
ሳቅ ከዘገየ ይበርዳል። ይህን ለብቻዬ ያዝኩት፣ ማይኩን ዘግቼ።

ረቡዕ ጨዋታ መጣ። ወይዘሮ ሮስቪታ ሰሌዳው ላይ ደሴት ሣለች፤
«ሕገ መንግሥት ጻፉላት፣ እስከ እራት ድረስ» አለች።
መናገር ተፈቀደ። ማምለክም፣ አለማምለክም ተፈቀደ።
የመርከብ ቀረጥ ተነሣ፤ ሳንሱር በጭብጨባ ተሰናብቶ ሄደ።
ደሴቷ አማረች፤ ወደብ አላት፣ ፍርድ ቤት አላት፣ ሦስት ጋዜጣ።
ያን ጊዜ ከሚንስክ የመጣው ያውሄን፣ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ቃል አወጣ፦

«እስር ቤቱ የት ነው?»

«የለም!» አሉት በአንድ ድምፅ፣ ደስ ብሏቸው።
«የለም ካላችሁ፣» አለ (አለ ማለት፣ እኔ ነኝ ያልኳቸው)
«ያልተጻፈው ነው የሚበዛው። እኔ አራት ዓመት
የኖርኩበት በካርታ ላይ የጓንት ፋብሪካ ይባላል፣ መስኮት የሌለበት።
ጻፉት። በሩን፣ መስኮቱን፣ እናት የምትገባበትን ሰዓት።
ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ ጻፉት።»

«እኔ አራት ዓመት» ያለው የኔ አፍ ነው።
አንድ ሌሊት ታስሬ አላውቅም። ምላሴ ግን ቃሉን ሲነካው
የብረት ጣዕም ቀረበት፣ ውሃ ጠጥቼ ያልለቀቀው።

ዝምታ ሆነ። ዝምታ አይተረጎምም፤ እንዳለ ነው የሚያልፈው።

ኔስታን፣ የትብሊሲዋ፣ ወንበሯን አዞረች፣ ወደ ኋላ፣ ወደ እኛ፤
ሦስት ቀን ጆሮዋ ውስጥ ላደረው ድምፅ ፊት ፈለገችለት፣
ምስክር እንደሚጠራ ዳኛ።
«ይቺ ሴትዮስ? ቀኑን ሙሉ እኛን ሆና ስታወራ…
ራሷ ምን ትላለች?»

ደንብ ደንብ ነው። ጥያቄውን ወደ ጀርመንኛ መለስኩ፦
«ይቺ ሴትዮስ? ራሷ ምን ትላለች?» አልኩ።
ሃያ ሁለት ሰው ማዳመጫውን በእጁ ደግፎ መልሱን ጠበቀ።
ጎትፍሪድ ክርኔን ነካ፤ ከዚያ እጁን ሰብስቦ ራቀ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ነጻነት በሁለት ቋንቋ ተናገርኩ፤
የሰው ቃል ሞልቶ ተርፎኝ፣ የራሴን ጓዳ ዳሰስኩ።
ባዶ ነበር። ወይም ጨለማ። ልዩነቱን አልለየሁም።
አፌን ከፈትኩ፦
«እዚህ ውስጥ ይሞቃል። በሩን ክፈቱልኝ።»

ጸሐፊው ከአንቀጽ ዐሥራ ሦስት ሥር፣ ከእስር ቤቱ ዝቅ ብሎ ጻፈበት፦
«ዐሥራ አራት፤ በሩ ይከፈት።»
ድምፅ ተሰጠ። ሃያው ደገፉት፤
አንዱ ታቀበ፤ አንዱ በመርሕ ተቃወመ፦ «በሩ የሷ ነው፤ እሷው ትክፈት።»

እውነቱን ነው። መቀርቀሪያው በኔ በኩል ነበር።
ተነሥቼ ሳብኩት። የረጠበ ካፖርት ሽታ ገባ፣ የጥድ አየር።
የምለው ነገር መጣልኝ መሰለኝ፤ ወደ ማይኩ ዞርኩ፤
ጎትፍሪድ ይዞታል። ግማሽ ሰዓቴ አልቆ ነበር።