ሠሪው፦ ስማቸው

ከምሽቱ አራት ነው፤ መብራቱ ገና መምጣቱ፤
አውቶ ፓርኮ ጭር ብሏል፤ ተዘግቷል ጎሚስታ ቤቱ።
የባዬ ጌም ቤት ግን ክፍት ነው፣ በሰዓት ሃያ ብር፤
ስድስት ኮምፒውተር፣ አምስት ደህና ወንበር።
ስድስተኛው የኔ ነው፣ እግሩ የተሰበረው፤
በጡብ ደግፌ ነው ሌሊት የማድረው።

ሰይፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገበታው ላይ አኖርኩ፤
እንደ ጥርስ ሐኪም ጠጋ ብዬ መረመርኩ።
ጉዳት፦ መቶ አርባ። ብረት፦ የጠራ።
ጠባይ፦ ለለማጅ። እጀታ፦ ወይራ።
ከሁሉም በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንደ ጉንዳን መንገድ፦
ሠሪው፦ ስማቸው።

ለማጅ ሳለሁ ነው የሠራልኝ፣ ተኩላ ሲያሯሩጠኝ፤
«ይሄን ያዝ፤ ባንድ ምት የሁለት ያስተምርሃል» ብሎ ሰጠኝ።
«ለብረቱ ብቻ» ቢለኝም፣ ብረቱንም አላስከፈለኝ።

ዛሬ ለምጃለሁ። ተኩላ ከሩቅ ይሸሸኛል፤
የለማጅ ሰይፍ ይዤ ጓድ ፊት መቆም ያሳፍረኛል።
ጻፉልኝ ጓዶቼ፦ «እንየው፣ አትሞኝ፣ ፍታው፤
ስድስት ብረት ይመልሳል፤ ምንድን ነው የምትፈራው?»

«ፍታ» ይላል ቁልፉ። ቀይ ነው። ከጎኑ ትንሽ መዶሻ።
ፍታ — እንደ ሚስት? እንደ ቋጠሮ? ወይስ እንደ ሬሳ?
ብረቱ ይመለሳል፣ ከአሥሩ ስድስቱ፤
ከወይራው እኩሌታው፣ ከቆዳው ጥቂቱ፤
ስም ግን ማኖሪያ ጎተራ የለውም በቤቱ።

ስማቸው መተማ ወረደ፣ ለሰሊጥ፣ ነሐሴ መባቻ፤
«ለአረሙና ለአጨዳው ነው» አለ፤ «እስከ ኅዳር ብቻ።»
ከስሙ አጠገብ ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ነበረች፤
ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቀን ሆናት አመድ ከለበሰች።
ፊቱን አላውቀውም። ሳቁን ነው፤ ማይኩን ያንጣጣው ነበር፤
ከኋላው እናቱ «ተኛ!» ስትል፣ አህያ ሲያናፋ ከበር።
ሞተ ያለኝ የለም።
አለ ያለኝም የለም።

አባቴም ፈቺ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ዳር ወናፍ ይነፋል፤
የመኪና ባሌስትራ አግሎ ማረሻ ይቀጠቅጣል።
ድሮ «ቀጥቃጭ» ብሎ ሰፈሩ ሲሸሸው ይኖር፤
ዛሬ እኔን ጨዋታው ውስጥ «ጌታው ቀጥቃጭ» ይሉኛል፣ በክብር።

ሰኞ ለት አንድ ባሌስትራ ፍሙ ውስጥ ሲከት፣
«የማን ነው?» አልኩት እንደ ዋዛ፣ ወናፉን ስነፋለት።
«የአይሱዙ። ሰሊጥ አጫጅ ጭኖ ጭልጋ ላይ የተገለበጠ።»
ዞር አላለም። ብረቱ ነጣ፤ እሱም ቀጠቀጠ።
መቼ? አላልኩም። ስንት ሰው? አላልኩም።
ማረሻውን የደምቢያ ሰው ዋጋ ሰብሮ ገዛው፤
ምን እንደነበረ አልጠየቀ፤ ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ ያዘው።

ጠባይ መቀየር ዘጠኝ ዕንቁ ይበላል። ያለኝ ሁለት።
የተቀየረ ዕቃ አይሸጥም፣ አይዋስም፤ ቁራኛ ነው እስከ ዕለተ ሞት።

ሣጥኔን ከፈትኩ። የራስ ቁር። ጋሻ። ጥሩር። ባለ ቀንድ ጫማ።
የሦስት ክረምት እጄ። እያንዳንዱ ሥር፦ ሠሪው፦ እንየው።
አንድ በአንድ ፈታሁ።
ቁልፉን ስጫን መዶሻዋ ትመታለች፣ ብልጭ ትላለች፤
ስሜን የያዘችው መስመር እንደ እንፋሎት ትተናለች።
ሰባት ጊዜ።
ባዬ ከኋላዬ ቆሞ «ስም ማጥፋት ያስከስሳል» አለና ሳቀ፤
«ሃያ ብርህም እኮ ከግማሽ ሰዓት በፊት አለቀ።»

ዘጠኝ ሞላ። ገበታው ቀላ፣ ሰይፉ ጋለ፤
ወይራው ያው ወይራ፣ ብረቱም ያው፤ አንድ ቃል ብቻ ተነቀለ።
ጠባይ፦ ስለታም።
ታች፣ ጉንዳኖቹ መንገዳቸውን አልለቀቁም፦
ሠሪው፦ ስማቸው።

ስድስት ሰዓት አልፏል። ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት።
«ይጨመር?» አለ ባዬ።
«አንድ ሰዓት» አልኩት፣
ዓይኔን ከነጥቧ ሳላነሳ።